ስለ ጽጌ ረዳና ስለ ቀጋ ስም የተነገረ ቃል



«ጽጌ» ከ«ጸገየ»፥ ማለት ከ«አበበ»፥ የወጣ የግእዝ ስም ነው። «ረዳ» ግን ከግእዝ ግስ አልተወለደም፤ የጽርእ ሰዎች ይህችን አበባ «ሮዶን» ይሏታል፥ ስሙም ከእነርሱ የመጣ ነው። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው «የረዳች አበባ» ማለት ይመስለዋል። ይህ ለቅኔ ሰም ይሆናል፥ ያምራልም፤ ነገር ግን የግእዙ ግስ «ረድአ» በአልፍ የሚፈጸም ስለ ሆነ ለዚህ ስም ሥር አይሆነውም።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ማኅሌተ ጽጌ ሲቆም፥ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ከተማ ያደገ ልጅ ብዙ ጊዜ በልቡ የሚያስበው በግቢ የተተከለችውን ቀይ አበባ ነው። የሀገሩን ጽጌ ረዳ ግን በአጥር ዳር አይቶ ያልፋታል፤ እርሷም ቀጋ ናት። አምስት ነጫጭ የአበባ ቅጠል፥ ቆልማማ እሾህ፥ ሲበስል ቀልቶ እረኛ የሚለቅመው ፍሬ አላት። የዕፀዋት ሊቃውንት «ሮዛ አቢሲኒካ» ብለው በኢትዮጵያ ስም ጠርተዋታል።

እርሻና ባሕር ዛፍ በሰፋ ቍጥር ቀጋ ይመነጠራል። በቤተ ክርስቲያን ቅጽር የቀረችው በእሾኋ ምክንያት እንዳትቈረጥ፥ አጥር ለሚያድሱት ሰዎች አስቀድሞ ይነገራቸው።