ከፍልሰታ ማዕድ እስከ መስቀል ልብስ

ለቸሃ አጥቢያዎች የሰበካ ጉባኤ ተወካዮችና ካህናት የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በዚህ ዓይነት ስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ምንጭ ማጎልበት፣ ስለ ችግኝ ተከላ፣ ስለ ወጣቶች ሥልጠና ነው። ዛሬ ግን ስለ ሁለት ተራ ነገሮች እንነጋገራለን። አንደኛው የጾም ወጥ ነው፤ ሁለተኛው ሌላ ሰው የለበሰው ልብስ ነው። ሁለቱም ከልማት ዕቅድ ውስጥ ተጽፈው አይገኙም። ነገር ግን በፍልሰታ ጾምና በመስቀል በዓል መካከል ባለው አጭር ጊዜ በአንድ አጥቢያ ውስጥ ብዙ ሥራ ሊሠሩ እንደሚችሉ እናምናለን።

ስለ ቁጠባ ስንሰብክ እንደ ግዴታ፣ አንዳንዴም እንደ ቅጣት አድርገን እንሰብካለን። ሰው ግን ተከፍቶ የሚያደርገውን ነገር ብዙም ሳይቆይ ይተወዋል፤ ደስ እያለው የሚያደርገውን ለልጁ ያወርሰዋል። ቆጣቢነት ደስታ አለው። ያን ደስታ ለይተን ካላወቅነው ለሌላው ልናስተምረው አንችልም።

በመጀመሪያ ከማዕድ ቤት እንጀምር። ቤተ ክርስቲያናችን በአዋጅ የምታውጃቸው አጽዋማት ሰባት ናቸው፤ ፍትሐ ነገሥትም በአንቀጽ 15 ሥርዓተ ጾምን ይደነግጋል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ፍልሰታ 15 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ጾመ ነቢያትና ሌሎቹም ሲደመሩ ከዓመቱ ግማሽ ያህሉ በጾም ያልፋል። እንግዲህ አንዲት እናት የዓመቱን ግማሽ ያለ ሥጋ፣ ያለ ቅቤና ያለ ወተት ቤተሰቧን ትመግባለች ማለት ነው። በሌላው ዓለም ሰዎች ያለ ሥጋ መመገብን ለመማር መጽሐፍ ይገዛሉ፣ ትምህርት ይከታተላሉ። በዋሽንግተን ከተማ ባሉ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ሥጋ የማይበላው የውጭ አገር ሰው ፈልጎ የሚያዝዘው የእኛኑ የጾም በያይነቱ ነው። እናቶቻችን ግን ይህን ዕውቀት ከልጅነታቸው ጀምሮ በእጃቸው ይዘውት አለ፤ ዕውቀት ነው ብሎ የሚያመሰግናቸው ሰው ጥቂት ነው።

የእኛ አካባቢ ደግሞ የራሱ ጸጋ አለው። ቸሃን ያጠናው ዊልያም ሻክ በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ርእስ ላይ ጉራጌን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብሎ ጠርቶታል። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይወስዳል፤ ስለዚህ ዛሬ የምንበላው ቆጮ ከዓመታት በፊት በተከለ እጅ የተዘጋጀ ነው። ቆጮው ተፍቆ፣ ተብላልቶ፣ ተጨምቆ፣ በኮባ ተጠቅልሎ ምጣድ ላይ ሲጋገር ቤቱን የሚሞላውን ሽታ ሁላችንም እናውቀዋለን። ክትፎ ሲባል የሥጋ ብቻ የሚመስለው ሰው አለ፤ ጎመንም ይከተፋል። በሚገባ የተሳለ ቢላዋ፣ በደንብ የተቀቀለና የተጨመቀ ጎመን፣ ጥቂት ዘይት፣ ኮረሪማና ሚጥሚጣ ካለ በጾም ቀን የሚጎድል ነገር የለም። ከቡታጅራ ወዲያ የማረቆ በርበሬ አለ፤ በእርሱ የተሠራ የሽምብራ ሽሮ በሶብላ ተጨምሮበት ሲንተከተክ የሰማ ሰው ጾም ማለት የምግብ ጣዕም ማጣት ነው ብሎ አይናገርም። አዚፋው በስናፍጭ፣ ተልባው በውኃ፣ ሱፉ በፍትፍት፣ ባቄላው በስልጆ እያለ ማዕዱ ይቀጥላል።

በዚህ ቦታ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ጾም ሥጋን ለማድከም ነው፤ ታዲያ ምግቡን ማጣፈጥ ተገቢ ነውን? መልሱ በሁለት በኩል ነው። በአንድ በኩል ጾሙን ግብዣ የሚያደርግ፣ ለሥጋ ያወጣው የነበረውን ገንዘብ እጥፍ አድርጎ በጾም ምግብ ላይ የሚያፈስስ ሰው የጾሙን ዓላማ ስቷል። በሌላ በኩል ግን ያገኙትን ጎመን በጥንቃቄ አጥቦ፣ ከትፎ፣ አጣፍጦ ለቤተሰብ ማቅረብ ቅንጦት አይደለም፤ የእግዚአብሔርን ስጦታ ማክበር ነው። ነቢዩ ዳንኤልና ጓደኞቹ በንጉሡ ቤት ጥራጥሬና ውኃን መረጡ፤ ከ10 ቀን በኋላም ፊታቸው ከሌሎቹ ይልቅ አምሮ መታየቱ ተጽፎልናል። የጾመኛ ፊት መጠውለግ የለበትም።

ስለ ፊት መጠውለግ ካነሣን ለእናቶች የሚጠቅም ጥቂት ምክር እንጨምር። ቆጮ ኃይል ሰጪ ምግብ ነው፤ ገንቢው ንጥረ ነገር ግን በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ቆጮን በጎመን ብቻ መብላት አይበቃም፤ ባቄላ፣ አተር፣ ምስር ወይም ሽምብራ ከጎኑ ሊኖር ይገባል። በጎመንና በምስር ላይ ሎሚ መጭመቅ በውስጣቸው ያለው የብረት ማዕድን ለሰውነት እንዲውል ይረዳል፤ ቡና ግን ከምግቡ ጋር ወይም ወዲያው ከተጠጣ ያንኑ ይቀንሰዋል። ቡናውን ጥቂት ማዘግየት ዋጋ አይጠይቅም። በእንስሳት ተዋጽኦ ብቻ የሚገኙ ንጥረ ነገሮችም ስላሉ በፍስክ ቀናት እንቁላልና ወተት ለልጆችና ለእናቶች መድረሱን እናስብ፤ ሁሉ ለገበያ አይውጣ። ነፍሰ ጡሮች፣ አራሶችና ሕሙማን ከንስሐ አባታቸውና ከጤና ባለሙያ ጋር ይመካከሩ፤ ካህናት አባቶቻችንም ይህን በዐውደ ምሕረት ብትነግሩልን ከእኛ ንግግር ይልቅ የእናንተ ይሰማል።

የጾም ማዕድ ፍጻሜው ግን ሆድ አይደለም። በጥንት ክርስቲያኖች ዘንድ የታወቀውና ወደ ግእዝም የተተረጎመው የሄርማ መጽሐፍ ስለ ጾም ሲያስተምር አንድ ቀላል ሒሳብ ያሳየናል። በጾሙ ቀን ልትበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስላ፤ ያንንም ለመበለት፣ ለወላጅ አልባ ወይም ለችግረኛ ስጥ ይላል መልእክቱ። በዚህ ሒሳብ መሠረት ከጾም የተረፈው ገንዘብ የእኛ አይደለም፤ ባለቤት አለው። አንድ ቤተሰብ በፍልሰታ በየቀኑ 10 ብር ቢያስቀምጥ በ15 ቀን 150 ብር ይሆናል። በአጥቢያው 40 ቤተሰብ ቢኖር 6,000 ብር ማለት ነው። ይህ ገንዘብ ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን ምን ላይ ቢውል ብዙ ይሠራል? ይህ ጥያቄ ወደ ሁለተኛው ርእሳችን ይወስደናል።

ጾመ ፍልሰታ ነሐሴ 16 ይፈታል፤ መስቀል መስከረም 17 ነው። በመካከሉ ያለው ጊዜ ከአንድ ወር ብዙም አይበልጥም። በዚያ ወር ውስጥ በጉራጌ ምድር ሁሉ ጀፎረው ይጸዳል፣ ቤት ይለቀለቃል፣ በየከተማው ያለው ልጅ አገሩ ለመግባት ይሰናዳል። መስቀል ለእኛ የሃይማኖት በዓል ብቻ ሳይሆን ቤተሰብ የሚሰበሰብበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት፣ የራቀ የሚቀርብበት ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ቀን በየአጥቢያው የሚቀሩ ሰዎች አሉ። የሚለብሱት ስለሌላቸው ከቤት የማይወጡ ልጆች፣ ነጠላዋ ስላለቀ ከቅጽሩ ውጭ ቆማ ቅዳሴውን የምትሰማ እናት፣ አዲስ ልብስ ይዞ ካልሄደ የሚያፍር መስሎት ከከተማ ሳይመለስ የሚቀር ወጣት በየአጥቢያው ይገኛሉ። ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም፤ እናንተ ታውቋቸዋላችሁ። ልብስ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሰውን ከቁርባን፣ ከዘመድና ከአገር የሚለየው ግን አንዳንድ ጊዜ እርሱ ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በምዕራፍ 2 ያደፈ ልብስ የለበሰውን ድኃ ዝቅ ባለ ቦታ እንዳናስቀምጥ ያስጠነቀቀው ይህን ስለሚያውቅ ነው።

ያገለገለ ልብስ መግዛት በእኛ ዘንድ ነውር ሊሆን አይገባውም ነበር። በየሰፈሩ ልዋጭ እያለ የሚዞረው፣ አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብሎ የቤት ዕቃ የሚሰጠው ነጋዴ፣ ቁራሌው እያለ ብረታ ብረትና ጠርሙስ የሚሰበስበው ልጅ፣ ብዙ ጊዜ የእኛው አካባቢ ልጅ ነው። በመርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ በርሜልና ቆርቆሮ ምድጃና መጥበሻ ሆኖ ይወጣል፤ ያለቀ የመኪና ጎማም በረባሶ ሆኖ ስንት ገበሬ አጫምቷል። ከእነዚህ ሥራዎች በተገኘ ሳንቲም ስንት ቤት ተሠርቷል፣ ስንት ልጅ ተምሯል፣ ስንት ቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ ለብሷል! የተጣለውን አንሥቶ ዋጋ እንዲኖረው ማድረግ የአባቶቻችን ሙያ ነው።

ደስታም አለው። ክምሩን ማገላበጥ፣ ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥቶ መሳሳቱን ማየት፣ ብብቱንና አንገትጌውን መፈተሽ፣ ስፌቱን መሳብ፣ በመጨረሻም በዋጋው መከራከር የዕውቀትና የትዕግሥት ሥራ ነው። የተገኘው ኮት ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይውላል፤ በወልቂጤ ወይም በእምድብር በር ላይ በእግር መኪና የሚሰፋው ልብስ ሰፊ እጅጌውን ያሳጥረዋል፤ የአባት የነበረው ለልጅ ይሆናል። እንዲህ የተገኘ ልብስ ታሪክ አለው፤ ባለቤቱም ለሰው ሲያወራው ደስ ይለዋል።

ከዚህ ደስታ የምንማረው ዋና ነገር መምረጥ ነው። ለችግረኛ ልብስ ስናድል ብዙ ጊዜ እኛ እንመርጣለን፤ እርሱ ይቀበላል። ልኩ ባይሆን፣ ቀለሙ ባያምረው ዝም ይላል። በሕዝብ ፊት ተጠርቶ የተሰጠው ልብስ ደግሞ የማን እንደነበረ ሁሉም ስለሚያውቀው ሲለብሰው ይሸማቀቃል። ያው ልብስ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ተሰቅሎ በትንሽ ዋጋ ቢቀርብና ያቺ እናት ራሷ አገላብጣ፣ ለክታ፣ ተከራክራ ብትወስደው ግን ገዢ ናት። ለልጇም ይህን መረጥሁልህ ትለዋለች። ከፍልሰታ የተረፈው 6,000 ብር ለሳሙና፣ ለክርና ለአዝራር፣ ለልብስ ሰፊው የእጅ ዋጋ፣ እንዲሁም ምንም መክፈል ለማይችሉት መክፈያ ቢውል ይህን ማድረግ ይቻላል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ የሚከተለውን አሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በፍልሰታ ከእያንዳንዱ ቤት የጾም ተራፊ ይሰብሰብ፤ ደረሰኝ ይቆረጥለት፣ ከሌላው ገቢም ተለይቶ ይመዝገብ።

ሁለተኛ፣ በእነዚያው ቀናት ከምእመናን፣ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ካሉ የአጥቢያው ተወላጆችም ንጹሕና ሊለበስ የሚችል ልብስ ይጠየቅ። መስፈርቱ አንድ ነው፤ ሰጪው ለራሱ ልጅ የማያለብሰውን አያምጣ። ለንግድ የሚሆን ልባሽ ልብስ ከውጭ ማስገባት በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ከኮንትሮባንድ የመጣ ቦንዳ አንቀበልም፣ አንገዛም።

ሦስተኛ፣ ሽያጩ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውጭ ይሁን። ጌታችን ከቤተ መቅደስ ሻጮችን ያስወጣበትን ቦታ ገበያ አናደርገውም። ንዋያተ ቅድሳትና አልባሳተ ክህነት ቢያረጁም ከዚህ ክምር ጋር አይቀላቀሉም፤ የእነርሱ ጉዳይ በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል።

አራተኛ፣ ሥራውን እናቶች ይምሩት። ለመስቀል ቅቤን በየተራ የሚያጠራቅሙበትን የቅቤ እቁብ ያለ ጸሐፊና ያለ ማኅተም በመተማመን ያቆዩት እነርሱ ናቸው፤ ይህንንም ያውቁበታል። መክፈል የማይችለው ማን እንደሆነ የሚያውቁት ሁለት እናቶች ብቻ ይሁኑ፤ እርሱም እንደ ሌላው መርጦ ይውሰድ።

አምስተኛ፣ በሽያጩ ቀን የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም ይግዙ፤ የኮሚቴ አባላትም እንግዛ። ድኃ ብቻ የሚገዛበት ቦታ ከሆነ ድኃው አይመጣም። ሊቀ መንበሩ ገዝቶ የለበሰው ኮት ለአጥቢያው ከረጅም ስብከት ይልቅ ያስረዳል።

ቤተ ክርስቲያን ልብስ ነጋዴ ሆነች የሚል ይኖራል። ትርፉ ለማን እንደሚውል በግልጽ ከተነበበ ሐሜቱ አይቆይም። መጥምቁ ዮሐንስ ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው እንዲያካፍል ሲያዝዝ ልብሱ አዲስ ይሁን አላለም። ዋናው ነገር ሁለተኛው ልብስ በሣጥን ውስጥ ብል እንዳይበላው ነው።

አባቶችና እናቶች፤ የጎመኑ ክትፎና የተገለበጠው አንገትጌ ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው። ሁለቱም በእጅ ያለውን ማክበር ናቸው፤ ሁለቱም ለሌላ ሰው የሚተርፍ ነገር ያስቀራሉ። ዘንድሮ በመስቀል ዕለት ደመራው ሲለኮስ ከቅጽሩ ውጭ ቆማ የምትቀር እናት እንዳትኖር ሥራው ከዛሬ ይጀመር። ወደየአጥቢያችሁ ስትመለሱ የመጀመሪያውን ልብስ ከራሳችሁ ሣጥን አውጡ፤ የሚታጠበው ይታጠብ፣ የሚሰፋው ይሰፋ። የክረምት ፀሐይ ስለማትታመን ለማድረቁ ጊዜ ያስፈልጋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።