ያልተመዘገበ ጉዳትና የጤና ጣቢያው ድርሻ
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ከቦሌ ተነሥቶ በገርጂ በኩል ወደ አያት የሚጓዝ ሰው፣ በግራና በቀኝ በባሕር ዛፍ መወጣጫ ተከብበው የሚያድጉ ሕንፃዎችን ያያል። በመወጣጫው ላይ ከሚሠሩት ብዙዎቹ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ለምሳሌ ያህል፣ ከእነርሱ አንዱ ከሁለተኛው ፎቅ ወድቆ ክንዱ ቢሰበር ምን ይከተላል? ጓደኞቹ ደግፈው በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ይወስዱታል። የጤና መኮንኑ «ምን ሆንክ?» ይለዋል፤ «ወደቅሁ» ብሎ ይመልሳል። ክንዱ ይታሰርለታል፤ በመዝገቡም «ስብራት» ተብሎ ይጻፋል። የት እንደወደቀና ለማን ይሠራ እንደነበረ ካልተጠየቀ አይጻፍም። ፎርማኑም በማግሥቱ ሌላ ሰው ይተካል። ጉዳቱም በሁለቱ መካከል ጠፍቶ ይቀራል።

ሕጉ ግን አልጎደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው በሥራ ላይ የደረሰን አደጋ እንዲመዘግብና ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አገልግሎት እንዲያስታውቅ ያዝዛል፤ የሕክምናውንም ወጪ እንዲችል ያስገድዳል። ኢትዮጵያም ስለ ሥራ ደኅንነትና ጤንነት የወጣውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155ን በ1983 ዓ.ም. አጽድቃለች። ጉዳቱን የሚሸሽገው ፍርሃት ነው። ሠራተኛው የነገ እንጀራውን፣ ፎርማኑ የሥራውን መቋረጥ፣ ተቋራጩም ተጠያቂነትን ይፈራል።

ከዚህ ፍርሃት ውጭ ሆኖ ጉዳቱን የሚያየው ጤና ጣቢያው ነው። የበሽታዎች ዓለም አቀፍ ምደባ አሥረኛ እትም ከመወጣጫ ላይ መውደቅን ራሱን የቻለ መለያ ሰጥቶታል፤ ተጎጂው ለገቢ በመሥራት ላይ እንደነበረ የሚያመለክትበትም መንገድ አለው። ስለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ነው፦ «በሥራ ላይ ሳለህ ነው የተጎዳኸው?» በ2002 ዓ.ም. የተጀመረው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ቤት ለቤት ስለሚዞሩ፣ በወጌሻ ታሽቶ ቤቱ የተኛውን ሊያገኙት ይችላሉ።

ይሁን እንጂ ተጎጂው እውነቱን የሚናገረው ሲተማመን ብቻ ነው። በመሆኑም ወደ ቁጥጥሩ ክፍል የሚተላለፈው የተጎጂው ስም ሳይሆን የአደጋው ቦታና ምክንያት ሊሆን ይገባል፤ ካሣ ለመጠየቅ ለፈለገ ግን የሕክምና ማስረጃው በእጁ ይሰጠው።

ለመሐንዲሱም ይህ የሌላ ሰው ጉዳይ አይደለም። የኮንክሪቱን ናሙና ወስዶ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ጥንካሬውን የሚፈትን ባለሙያ፣ ሰው የሚቆምበትን እንጨት ሳይፈትን ሊያልፍ አይገባውም። የናሙናው ውጤት ሲያንስ ተመዝግቦ ምክንያቱ እንደሚፈለግ ሁሉ፣ የሰው መውደቅም እንዲሁ ሊመዘገብ ይገባል። እያንዳንዱ የግንባታ መሐንዲስ በየወሩ የራሱን የአደጋ መዝገብ ጤና ጣቢያው ከሰበሰበው ቁጥር ጋር ቢያስተያይ፣ የትኛው መወጣጫ በምን ምክንያት ሰው እንደጣለ ያውቃል፤ ሁለተኛ ሰው ሳይወድቅም ያርመዋል።