ከጀሪካኑ ግርጌ፦ የተበከለ ነዳጅ፣ ትናንሽ ሞተሮችና የእኔ የችኮላ ፍርድ

በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መድረክ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ ግድብም ባቡርም አይደለም፤ አንድ ሰው በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ሊወስዳት የሚችል ትንሽ ጄኔሬተር ናት። ስለ እርሷ ስናገር ግን ስለ ራሴም መናገሬ አይቀርም። ታሪኩ የሞተር ብልሽት ታሪክ ብቻ ሳይሆን፣ በሙያው የተማረ ሰው ማስረጃ ሳይመረምር የሰጠው ፍርድ ታሪክ ጭምር ነውና።

ነገሩ የሆነው ከዓመታት በፊት በምኖርበት በልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። በብሎካችን ምድር ወለል ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ ጎረቤት ነበሩን። ወሩ ነሐሴ ነበር። ወላጆች የተማሪ ዩኒፎርም ለማሰፋት የሚጣደፉበት፣ ለልብስ ሰፊ የዓመቱ እንጀራ የሚገኝበት ወቅት። መብራት በየቀኑ ይጠፋ ስለነበር ባለ ሁለት ምት ሞተር ያላት አንዲት ጄኔሬተር ገዝተው ነበር። ሞተሯን የሚያስነሳላቸው የብሎካችን ጥበቃ፣ ዕድሜው ከ20 ብዙም ያላለፈ ወጣት ነው።

አንድ ቀን ቤንዚን ማደያ ላይ ታጣ። እኔም በረንዳዬ ላይ ያስቀመጥሁት ባለ 5 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ትዝ አለኝና «ይኸው፣ ተጠቀሙበት» ብዬ ሰጠሁ። ወጣቱ ዘይት ቀላቅሎ ሞላ። ሞተሯ ተነሣች፤ ጥቂት ከሠራች በኋላ ትንቆራጠጥ ጀመር። የሚሰፋው ልብስ ለማግስቱ የተቀጠረ ነበርና ወጣቱ የአየር መዝጊያውን እየሳበ እንደምንም አቆያት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ነክሶ ቀጥ አለች።

ማታ የብሎኩ ኮሚቴ ተሰበሰበ። መካኒኩ ሞተሯን ከፍቶ «ያለ ዘይት የሠራ ሞተር ነው» አለ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ «ዶክተር፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» ተባልሁ። እኔም የተቧጨረውን ፒስተን አይቼ «ግልጽ ነው፤ ዘይት አልተጨመረም» አልሁ። ወጣቱ «ዶክተር፣ በሕፃን መድኃኒት መለኪያ ለክቼ ነው የጨመርሁት» አለ። የሰማው አልነበረም። የጄኔሬተሯ ዋጋ በየወሩ ከደመወዙ እንዲቆረጥ ተወሰነ። ሠፈራችን ከልደታ ፍርድ ቤት የአፍታ መንገድ ነው፤ እዚያ ምስክር ሳይሰማ አይፈረድም። እኛ ግን በአንድ ምሽት፣ በአንድ ሰው ቃል ፈረድን። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቃሌን መልሼ ልይዘው አልቻልሁም።

እንቅልፍ የነሳኝ ያ የመድኃኒት መለኪያ ነው። ሊዋሽ የፈለገ ሰው እንዲህ ያለ ዝርዝር አይፈጥርም ብዬ አሰብሁ። በማግስቱ ጄኔሬተሯን ወስጄ በታንኳ ውስጥ የቀረውን ነዳጅ በመስታወት ማሰሮ ቀዳሁት። አስቀምጬ ባየሁት ጊዜ ፈሳሹ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። የላይኛው ክፍል የዘይቱን ቀይ ቀለም ይዟል፤ የታችኛው ግን እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው። ዘይቱ ተጨምሯል። ሞተሯ የጠጣችው ግን ዘይት ከሌለበት ከታችኛው ክፍል ነበር።

ይህ እንዴት ሆነ? ለመልሱ ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። አገራችን የተጣራ ነዳጅ በሙሉ ከውጭ ታስገባለች። የአሰብ ማጣሪያ ሥራ ካቆመ ወዲህ ደግሞ ነዳጃችን በአብዛኛው ከጅቡቲ ወደብ በቦቴ ተጭኖ ይመጣል። የውጭ ምንዛሪውን ጫና ለማቃለል ሲባል በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤንዚን ላይ 5 በመቶ ኤታኖል መቀላቀል ተጀመረ፤ በ2003 ዓ.ም. ድርሻው ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። ኤታኖሉ የስኳር ተረፈ ምርት ከሆነው ሞላሰስ በፊንጫና በመተሐራ ፋብሪካዎች የሚመረት ነበር። አሳቡ መልካም ነው፤ ዛሬም እደግፈዋለሁ። ነገር ግን የነዳጁ ጠባይ ሲለወጥ የአያያዛችን ልማድ አብሮ አልተለወጠም።

ንጹሕ ቤንዚን ከውሃ ጋር አይዋደድም፤ ጠብታ ውሃ ቢገባበት ውሃው ወዲያው ከታች ይዘቅጣል። ኤታኖል ግን ከሁለቱም ጋር ይስማማል። ስለዚህ 10 በመቶ ኤታኖል ያለበት ቤንዚን በተለመደው የአየር ሙቀት በ1 ሊትር ውስጥ ወደ 5 ሚሊ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ሳይታይ አሟሙቶ ሊይዝ ይችላል። ከዚህ መጠን ሲያልፍ፣ ወይም ሙቀቱ በሌሊት ሲቀንስ፣ ውሃው ኤታኖሉን ከቤንዚኑ ነጥቆ ይዞት ይወርዳል። በመሆኑም ከታች የሚጠራቀመው ፈሳሽ ከገባው ውሃ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለ5 ሊትር ጀሪካን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውሃ በቂ ነው። የእኔ ጀሪካን የክዳኑ ጎማ ወልቆ ነበር፤ ክረምቱን በሙሉም በረንዳ ላይ ዝናብ ሲመታው ከርሟል።

አሁን የባለ ሁለት ምት ሞተርን ነገር አስቡ። እንደ መኪና ሞተር ለብቻው የተቀመጠ የዘይት ማጠራቀሚያ የለውም፤ ማለስለሻው ከነዳጁ ጋር ተቀላቅሎ የሚገባው ዘይት ብቻ ነው። ሬሾው 1 ለ50 ከሆነ በ1 ሊትር 20 ሚሊ ሊትር፣ 1 ለ25 ከሆነ 40 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ዘይቱ የሚሟሟው በቤንዚኑ ውስጥ እንጂ በውሃና በኤታኖሉ ውስጥ አይደለም። የታንኩ መውጫ ደግሞ የሚገኘው ከግርጌው ነው። እንግዲህ ወጣቱ ዘይቱን በትክክል ለክቶ ቢጨምርም ሞተሯ በመጀመሪያ የምታገኘው ዘይት አልባውን ፈሳሽ ነው። «ያለ ዘይት የሠራ ሞተር ነው» ያለው መካኒክ አልተሳሳተም። «ዘይት አልተጨመረም» ያልሁት እኔ ነኝ የተሳሳትሁት። በእነዚህ በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሰው ደመወዝ ነበር።

ታዲያ ጥፋተኛው ኤታኖል ነው? በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው እንዲህ ይል ነበር፤ በስሌት እንየው። ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል በክብደት ለ1 እጅ ነዳጅ 14.7 እጅ አየር ይፈልጋል፤ ኤታኖል ግን 9 እጅ ብቻ። የ10 በመቶ ድብልቁ ፍላጎት ወደ 14.1 ይወርዳል፤ ለንጹሕ ቤንዚን በተስተካከለ ካርቡሬተር ሲሠራም ወደ 4 በመቶ በሚጠጋ መጠን ነዳጅ ያንሰዋል ማለት ነው። ነገር ግን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሯ ስስ ስለሆነ ለባሕር ዳርቻ አገር የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲሠራ ከ10 በመቶ በላይ ነዳጅ ይበዛበታል። ስለዚህ ድብልቁ ከተማችን ውስጥ ሞተሩን አያስርበውም፤ እንዲያውም መትረፍረፉን በጥቂቱ ያርማል። ኤታኖሉ በራሱ ያቺን ሞተር አልገደላትም። የገደላት ውሃው ነው፤ ውሃውን ያስገባው ደግሞ የእኔ ቸልተኝነት።

ሌላው ብክለት የላምባ ነው። ላምባ በዋጋ ከቤንዚን ሲያንስ፣ ወይም ቤንዚን ጠፍቶ በየመንገዱ ዳር በውሃ ፕላስቲክ ሲቸረቸር፣ የመደባለቁ ፈተና ይመጣል። ላምባ የገባበት ቤንዚን ሞተሩን ያንኳኳዋል፤ ካንዴላውን በጥቁር ጥላሸት ይሸፍነዋል፤ ጠዋት ለማስነሣትም ያስቸግራል። ዘይት ያልተቀላቀለበትን ነዳጅ በነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ አድርጉ። ንጹሕ ቤንዚን ተኖ ይጠፋል፤ ላምባ ካለበት ግን ቅባታማ ቀለበት ይተዋል። የላብራቶሪ ማረጋገጫ አይደለም፤ ለጥርጣሬ ግን ይበቃል።

የኤታኖሉን መጠን ለማወቅ የምትፈልጉ ተማሪዎች ደግሞ በ100 ሚሊ ሊትር ቤንዚን ላይ 10 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምራችሁ በጠባብ መለኪያ ውስጥ አናውጡት፤ ከዚያም አሳርፉት። የታችኛው ፈሳሽ ወደ 20 ሚሊ ሊትር ግድም ከደረሰ ነዳጁ 10 በመቶ የሚጠጋ ኤታኖል ነበረበት ማለት ነው። ባለበት በ10 ከቀረ ግን ኤታኖል የለበትም።

በዚህ ንግግር ሌላውን ሁሉ ብትረሱ የሚከተለውን አትርሱ። ጎረቤቴ የተበላሸውን ነዳጅ አይተው «እንዲያው ከሚደፋ ለላምባ ምድጃዬ አይሆነኝም?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። በፍጹም አይሆንም! ላምባ ከ38 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ለመቀጣጠል የሚበቃ እንፋሎት አይሰጥም፤ ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ እንኳ ይሰጣል። በላምባ ምድጃ ውስጥ የገባ ቤንዚን ቤት ያቃጥላል። እንዲሁም ጄኔሬተር በደረጃ መውጫ፣ በተዘጋ በረንዳም ሆነ በሱቅ ውስጥ አይነሣም። የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል።

ለዕለት ሥራ የሚሆነው ምክር አጭር ነው። ነዳጅ በጥብቅ በሚከደን ዕቃ፣ ከዝናብና ከፀሐይ ርቆ፣ ከመኖሪያ ክፍል ውጭ ይቀመጥ። ከአንድ ወር ለሚበልጥ ጊዜ ቤንዚን አታከማቹ፤ ሲቆይ ሙጫ መሰል ዝቃጭ ፈጥሮ የካርቡሬተሩን ጠባብ ቀዳዳ ይደፍናል። ከመሙላታችሁ በፊት ጥቂቱን ከግርጌው ቀድታችሁ በመስታወት ተመልከቱ። ዘይቱንም በግምት ሳይሆን በመለኪያ ጨምሩ፤ የጥበቃው ወጣት እንዳደረገው።

ማሰሮውን ይዤ ወደ ኮሚቴው ተመለስሁ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ቀዩንና ጥሩውን ክፍል አሳየኋቸው፤ «ጀሪካኑ የእኔ ነው፤ ፍርዱም የእኔ ነበር፤ ሁለቱም ተበላሽተዋል» አልኋቸው። የጄኔሬተሯን ዋጋ እኔ ከፈልሁ፤ ከወጣቱ ደመወዝ ሊቆረጥ የነበረው ቀረ። በሁሉ ፊት ይቅርታ ስጠይቀው «ምንም አይደል ዶክተር፤ ብቻ ያን ማታ ጠይቀውኝ ቢሆን ኖሮ መለኪያውንም የዘይቱን ጠርሙስም አሳይዎት ነበር» አለኝ።

ውድ ተማሪዎች፤ ነገ ተመርቃችሁ ስትወጡ ሰው ሁሉ ወደ እናንተ ዞሮ «ምን ትላላችሁ?» የሚልበት ቀን ይመጣል። በዚያን ቀን ከመመለሳችሁ በፊት ሞተሩን ያስነሣውን ሰው ጠይቁ፤ ነዳጁንም ከግርጌው ቅዱ።