ከኮፍያው ላይ የተፈታው ንስር
(በተመራቂዎች መገናኛ ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሕክምና ውጪ ስለምትወጂው ነገር ተናገሪ» ሲሉኝ ትንሽ አፍሬ ነበር። እኔ ትርፍ ጊዜዬን የማጠፋው በድሮ የጀርመን መኮንኖች ኮፍያ ነው። አልሰበስብም፤ ቤቴ አንድም የለም። ሰው ይዞ ሲመጣ ግን ምልክቶቹን አይቼ ዘመኑን ለመናገር እሞክራለሁ። ምን አገናኘሽ እንዳትሉኝ አመጣጡን ልንገራችሁ።

ጀርመን አገር ስሠራ ለዓመታት የተከታተልኳቸው አንዲት አሮጊት ነበሩ። ፈቅደውልኝ ነው የማወራው። አንድ ቀን ከቦርሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ኮፍያ አወጡና «የአባቴ ነው። እንደ አንቺ ሐኪም ነበር፤ በ1941 መጨረሻ ሩሲያ ግንባር ሞተ፤ እኔ የተወለድኩት ከዚያ በኋላ ነው» አሉኝ። እውነት የእሱ መሆኑን ማወቅ ፈለጉ። ምንም አላውቅም ነበር። ኮፍያውን ተውሼ ወራት አነበብኩ።

ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው።

መጀመሪያ የሚታየው ኮካርድ የሚባለው ክብ ባለቀለም ምልክት ነው። በካይዘሩ ጊዜ፣ ከ1897 ወዲህ፣ ኮካርዱ ሁለት ነበር፦ ከላይ የመላው ጀርመን ጥቁር፣ ነጭና ቀይ፣ ከታች የየግዛቱ። የፕሩስያ ጥቁርና ነጭ ነው፤ የባቫርያ ነጭና ሰማያዊ፤ የሳክሶኒ ነጭና አረንጓዴ። ስለዚህ ሁለት ኮካርድ ካያችሁ ሐሳባችሁ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ይሂድ። ስዋስቲካ የጨበጠው ንስር ወደ ጦሩ ኮፍያ የመጣው በ1934 ነው። ክንፉን አግድም ዘርግቶ ከቆመ የምድር ጦር ነው፤ እየበረረ ከሆነ የአየር ኃይል።

የእኚህ ሴት ኮፍያ በ1938 መጨረሻ ለመኮንኖች የወጣው ዓይነት ነው። ፊቱ ላይ ጥላ የለውም፤ ታጥፎ ይያዛል። ከላይ ባለው ስፌትና ከፊት ባለው ጥምዝ ላይ ብር የሚመስል የአሉሚኒየም ክር ዞሮበታል፤ መኮንንነቱ የሚታወቀው በዚህ ነው። ከኮካርዱ በላይ ደግሞ እንደ ጎጆ ጣሪያ የታጠፈ ቀጭን ጥብጣብ ይሰፋ ነበር። የጥብጣቡ ቀለም ክፍሉን ይናገራል፦ ነጭ እግረኛ፣ ቀይ መድፈኛ፣ ሮዝ ታንከኛ። የእኛ ሙያ ቀለም ሰማያዊ ነው፤ በስንዴ ማሳ መሃል በምትበቅል አንዲት የአውሮፓ አበባ ስም ይጠሩታል። ይህ ጥብጣብ በጁላይ 1942 በትእዛዝ ቀረ።

አስመስሎ የተሠራ እንዳይሆን በአልትራቫዮሌት መብራትም አየሁት። ዛሬ ክርና ጨርቅ የሚነጣበት ኬሚካል በዚያ መብራት ያበራል፤ የዚያ ዘመን ሱፍ ግን እንዲህ አያበራም። ታዲያ አንዱ ጎን ቦግ ሲልብኝ ደነገጥኩ። ለካ ሴትዮዋ ከዓመታት በፊት በዘመኑ ሳሙና አጥበውት ኖሯል! ፎልስ ፖዚቲቭ ማለት ይኼ ነው። ሂስትሪ ሳትወስዱ ላቦራቶሪ አትዘዙ ይሉን የነበሩት መምህራኖቻችን ትዝ አሉኝ።

ኮፍያው ላይ ንስሩም ጥብጣቡም የሉም። ከጦርነቱ በኋላ ብዙ ቤተሰብ ንስሩን በምላጭ ፈትቶ ጥሏል፤ ዛሬም ለትምህርትና ለመሳሰለው ካልሆነ በቀር ስዋስቲካን በአደባባይ ማሳየት በጀርመን ሕግ ያስቀጣል። የተፈታ ምልክት ግን ጥላውን ትቶ ይሄዳል። ሥሩ የነበረው ጨርቅ ፀሐይ ስላላገኘው ደመቅ እንዳለ ይቀራል፤ የመርፌው ቀዳዳም አይጠፋም። በአጉሊ መነጽር ሳየው ከአንዱ ቀዳዳ ውስጥ የሰማያዊ ክር ቁራጭ አገኘሁ። የሐኪም ኮፍያ መሆኑ እውነት ነው።

ቀጥዬ ያየሁትን ባላየሁት ብዬ ነበር። የንስሩ ጥላ ጥርት ብሎ ይታያል። የጥብጣቡ ጥላ ግን ደብዝዟል፣ ከዙሪያው ጨርቅ ጋር ሊመሳሰል ምንም አልቀረውም። ሁለቱ አንድ ቀን አልተፈቱም ማለት ነው። ጥብጣቡ ቀድሞ ተነሥቷል፤ ከዚያ በኋላ ኮፍያው ብዙ ፀሐይ መትቶታል፤ ንስሩ የተነሣው በመጨረሻ ነው። ከትእዛዙ ጋር ሳያይዘው ኮፍያው ከ1942 በጋ በኋላም ሳይደረግ አልቀረም። አባትየው ግን በ1941 ሞተዋል ተብሏል።

በቀጠሯቸው ቀን ከሰማያዊው ክር ጀመርኩ። «እንግዲያው ማንንም አልጎዳም» ብለው ተነፈሱ። ዝም አልኩ። በ1946 ኑረምበርግ ላይ በተጀመረው የሐኪሞች ችሎት ከ23 ተከሳሾች 20ዎቹ ሐኪሞች ነበሩ፤ ዕድሜ ልክ ከተፈረደባቸው አንዱ ዚግፍሪድ ሃንድሎዘር የመላው ጦር ሕክምና ኃላፊ ነበር። ይህን ለእሳቸው መንገር አላስፈለገኝም። ስለ አባታቸው የማውቀው ነገር የለም፤ የማውቀው ስለ ኮፍያው ነው።

የጥላውን ነገር ግን ነገርኳቸው። ሌላ ሰው አድርጎት ሊሆን እንደሚችል፣ ኮፍያው ከመጀመሪያውም የሌላ ሐኪም ሊሆን እንደሚችል ጨምሬ። ለረጅም ጊዜ ኮፍያውን ሲያገላብጡ ቆዩና «ወይም እናቴ ዋሽታኛለች» አሉ።

የጦሩ የሞት መዝገብ ዛሬ በርሊን ባለው የፌደራል ቤተ መዛግብት ነው፤ ቤተሰብ ጽፎ መጠየቅ ይችላል። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ደብዳቤውን እሳቸው እየነገሩኝ እኔ ጻፍኩ። ፈረሙበት። ኮፍያውን ግን ወደ ቤት አልወሰዱትም፤ «መልሱ እስኪመጣ አንቺ ጋ ይቀመጥ» አሉኝ። ክሊኒኩ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ መልሱን እየጠበቅን ነው።