የቦሌ ሐሩርና የሕንፃዎቹ ጠባይ



ከአውሮፓ የሙቀት ማስጠንቀቂያ ዜና የሚሰማው በሰኔና በሐምሌ ነው። በዚያው ሰሞን የቦሌ ነዋሪ ካፖርት ደርቦ፣ ዣንጥላ ይዞ ጎርፍ ይሻገራል። የአዲስ አበባ ሐሩር የሚበረታው ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ በተለይም የበልጉ ዝናብ በዘገየ ጊዜ ነው። በእነዚህ ወራት የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፣ ሌሊቱ ወደ 11 ወይም 12 ዲግሪ ይወርዳል። ለድሬዳዋ ወይም ለሰመራ ሰው ይህ ሙቀት ሊባል አይበቃም። ታዲያ በቦሌ መንገድ ዳር ባለ ቢሮ የተቀመጠው ሠራተኛ በዘጠኝ ሰዓት ሸሚዙ ከጀርባው የሚጣበቀው፣ በሰሚት ኮንዶሚኒየም የመጨረሻ ፎቅ የምትኖረው እናት ሕፃኗን ታቅፋ ወደ ደረጃው የምትሸሸው ስለ ምንድን ነው? መልሱ ከአየሩ ይልቅ በሕንፃው ዘንድ ይገኛል።

የአፍሪካ ጎዳና ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ እስከ አየር ማረፊያው ይዘልቃል። በግራና በቀኝ የቆሙት ሕንፃዎች ሁሉ ፊታቸውን ወደ ጎዳናው ስላዞሩ፣ ከፊሎቹ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከፊሎቹ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይመለከታሉ። በየካቲት ፀሐይ የምትጠልቀው ከምዕራብ ጥቂት ወደ ደቡብ አዘንብላ ነው። ስለሆነም ደቡብ ምዕራብን የሚያየው ግንባር፣ ቀኑ እጅግ በሚሞቅበት ሰዓት፣ ዝቅ ያለችውን ፀሐይ ፊት ለፊት ይቀበላል። ይህም ግንባር ብዙውን ጊዜ ከላይ እስከ ታች መስተዋት ነው። ተራ ነጠላ መስተዋት ካረፈበት የፀሐይ ሙቀት ከአምስት እጅ አራቱን ያህል ወደ ውስጥ ያሳልፋል፤ ወለሉና ዕቃው ሞቀው የሚመልሱትን ጨረር ግን ይዞ ያስቀራል። ሠራተኛው መጋረጃውን በሚዘጋበት ጊዜ ሙቀቱ አስቀድሞ ገብቷል። ጥላ ከመስተዋቱ ውጭ ካልዋለ ጥላ አይባልም።

መስኮቱ የማይከፈት ከሆነ የአየር ማቀዝቀዣ ይተከላል። ነገር ግን ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ አንድ ሜትር ኩብ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀልላል። በሌላ አገር ሠንጠረዥ የተመረጠ ቬንትሌተር ያንኑ ሙቀት ለማውጣት ሩብ ያህል ተጨማሪ አየር መግፋት ይኖርበታል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ መስኮት የሌለው ቢሮ ባለበት ይቆማል።

በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት ፀሐይ በቀትር በከተማይቱ አናት ላይ ትውላለች፤ ያን ጊዜ የሚቃጠለው ጣሪያው ነው። በዚህ ረገድ አሮጌው የጭቃ ቤት ሊናቅ አይገባውም። ወፍራም ግድግዳው ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ ጉድለቱ ከቆርቆሮው ነው፤ ቆርቆሮው በዛገ ቁጥር ሙቀት መሳቡ ይብሳል። ባለቤቱ ግን ለአቧራና ለማማር ብሎ አቡጀዲ ወይም ማዳበሪያ በኮርኒስነት ወጥሮበታል፤ በቆርቆሮውና በጨርቁ መካከል የቀረውም አየር ሙቀቱን ይገታለታል። በጣሪያው ጫፍና ጫፍ ሁለት መተንፈሻ ቢጨመርለት ኖሮ ዲፕሎማ ያለው ሰው ከሠራው ብዙ ቤት ይሻል ነበር። በ1996 ዓ.ም. ግድም በቦሌ ገርጂ በሙከራ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ቆርቆሮውን ይዞ ወፍራሙን ግድግዳ ተወው፤ በብሎኬት ተካው። በመጨረሻው ፎቅ ዕጣ የወጣለት ሰው ይህን የሚያውቀው ከገባ በኋላ ነው። በፈረቃ የሚመጣው ውኃ በበጋው ማብቂያ ደረጃውን ወጥቶ ካልደረሰው፣ ፊቱን የሚያብስበት እንኳ አይኖረውም።

የሙቀት ማስጠንቀቂያ በሌላው ዓለም ብዙ ሕይወት ካስከፈለ በኋላ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በአውሮፓ ከ70,000 በላይ ሰዎች በሙቀት እንደ ሞቱ ተገምቷል፤ ከጣሪያ ሥር ባለ ክፍል መተኛት አደጋውን እንዳባባሰው በፈረንሳይ ተጠንቷል። ፈረንሳይ ብሔራዊ የማስጠንቀቂያ ሥርዓቷን ያቆመችው በማግሥቱ ዓመት ነው። በአዲስ አበባ ይህን መንገድ እንዳለ መቅዳት አይበጅም። የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ ሙቀትን የሚለካው በጥላ፣ አየር በሚተላለፍበት ነጭ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ደንቡም ይኸው ነው። በሣጥኑ ውስጥ 27 ዲግሪ ሲነበብ በአያት በላይኛው ፎቅ የተኛችው አሮጊት በስንት ዲግሪ ውስጥ እንዳለች አይታወቅም። እዚህ የሚጠቅም ማስጠንቀቂያ በየትኛው ጣሪያ ሥር፣ በየትኛው ግንባር በኩል፣ በስንት ሰዓት ብሎ የሚጠይቅ መሆን አለበት።

ሕዝቡ በበኩሉ መላ አያጣም። እግረኛው ጥላ ያለበትን የመንገድ ዳር ይመርጣል፤ ሴቶች ነጠላቸውን በራሳቸው ይጥላሉ፤ የጉልት ነጋዴዋ ዣንጥላዋን ከፀሐይ ጋር ታዞራለች፤ የቀን ሠራተኛው በሲሚንቶው ላይ ቆሞ እርጥብ ጨርቅ በራሱ ይጠመጥማል።

አንድ ልማድ ግን ከመሐንዲሱ ሥራ ጋር ይጋጫል። ቀዝቃዛው ሌሊት ለዚህች ከተማ በነጻ የተሰጠ ማቀዝቀዣ ነው፤ ግድግዳው ሌሊት ከቀዘቀዘ እስከ ቀትር ያገለግላል። ዳሩ ግን በታክሲ ውስጥ በቀትር ፀሐይ እንኳ «ብርድ ይመታል፣ መስኮት ዝጉ» የሚል ተሳፋሪ ሌሊት መስኮት ከፍቶ ይተኛል ማለት ዘበት ነው፤ ሌባም አለ። ስለዚህ መተንፈሻው ከኮርኒሱ በታች፣ ከተኛው ሰው ራስ በላይ፣ በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች ላይ፣ ጠባብና በፍርግርግ ብረት የታጠረ ሆኖ ሊሠራ ይገባል፤ ነፋሱም አልጋውን ሳይነካ በላይ በላዩ ያልፋል።