ዓይን ያየውን አእምሮ እንዲይዘው



«ኦግመንትድ ሪያሊቲ» የሚባለው ጥበብ በእውነተኛው ነገር ላይ በኮምፒውተር የተሠራ ሥዕል ደርቦ የሚያሳይ ነው። አይቫን ሳዘርላንድ የተባሉት አሜሪካዊ ሊቅ በራስ ላይ የሚጠለቅ እንዲህ ያለ መሣሪያ ያቀረቡት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1968 ስለ ሆነ፥ ነገሩ እንደሚወራለት ያን ያህል አዲስ አይደለም።

ለትምህርት ከዋሉት መካከል እኔ የምመርጠው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዴቪስ የተሠራውን የአሸዋ ሣጥን ነው። ከሣጥኑ በላይ የተሰቀለው ካሜራ የአሸዋውን ከፍታ ይለካል፤ ፕሮጀክተሩም በአሸዋው ላይ ቀለምና የከፍታ መስመሮችን ያበራል። ልጁ አሸዋውን ቢከምር መስመሮቹ ይከተሉታል፤ እጁን ከላይ ቢዘረጋ በብርሃን የተሣለ ዝናብ ወርዶ ወደ ሸለቆው ይፈሳል። በካርታ ላይ የመስመሮቹ መቀራረብ ዳገቱ ቀጥ ያለ መሆኑን እንደሚያመለክት በቃል ብቻ ማስረዳት ምን ያህል እንደሚያደክም መምህራን ያውቁታል።

ነገር ግን መደነቅና መማር አንድ አይደሉም። የመሣሪያ ግዢ ወረቀት በጠረጴዛችሁ የሚያልፍ ሁሉ፥ ሥዕሉ ሲጠፋ ልጁ ምን ይሠራል ብላችሁ ሻጩን ጠይቁት፤ ማማሩንስ ሳትጠይቁት ይነግራችኋል። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንት በ2006 ባሳተሙት ጥናት፥ ጽሑፍን ደግመው ያነበቡት ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት አንብበው ከቃላቸው ለመጻፍ የሞከሩት ሆኑ።

ስለዚህ መምህሩ መብራቱን ያጥፋ፤ ተማሪው ባዶውን አሸዋ እያየ መስመሮቹን በወረቀት ይሣል፤ ከዚያም መብራቱ በርቶ ስሕተቱን ራሱ ይመልከት። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ያለ አሸዋው ይድገመው።