ከድስቱ በፊት ደብተሩ

እህቶቼ፣ የሻማ ሥራ እንዴት ጀመርሽ ብላችሁ ስለጠየቃችሁኝ ከስህተቴ ልጀምር። ሙያዬ ሂሳብ ነው፤ ግን የመጀመሪያዎቹን 12 ሻማዎች ስሸጥ የጻፍኩት የሰሙን ዋጋ ብቻ ነበር። የብርጭቆው፣ የክሩ፣ የሽቶ ዘይቱ፣ የመብራቱና የሁለት ምሽት ድካሜ የትም አልተጻፈም። ትርፍ ያልኩት ለካ የገዛ ዕቁቤን ገንዘብ ነው።

ሥራው ራሱ አይከብድም። የአኩሪ አተር ሰም በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም፤ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ ሌላ ዕቃ አስቀምጣችሁ አቅልጡት። 85 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ አውርዱና ለ1 ኪሎ ሰም ከ60 እስከ 80 ግራም የሽቶ ዘይት ጨምራችሁ ሁለት ደቂቃ በእርጋታ አማስሉ። ወደ 57 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ፣ ክሩ መሐል ላይ ወደቆመበት፣ ሙቀት ወደሚችል ብርጭቆ ቅዱት። በዓይን አትገምቱ፤ ቴርሞሜትርና ሚዛን ያስፈልጋል። ሰሙ እሳት ከያዘ ደግሞ ውሃ እንዳታፈሱበት፤ ምድጃውን አጥፍታችሁ ክዳን ግጠሙበት።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ሁለት ሳምንት ያህል ካልቆየ ሽታው በደንብ አይወጣም። እኔ በሦስተኛው ቀን ሸጬ አንዲት ደንበኛዬ «ይሄ ምኑ ይሸታል?» ብላ መለሰችልኝ። እውነቷን ነበር። አሁን ከየዙሩ አንዷን ለራሴ አስቀርቼ እስከ መጨረሻው አበራታለሁ። የእሷንም ወጪ እጽፋለሁ።